ተጠርቶ አልቀረበም

ይሄ ታሪክ በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

ፈጠራ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው... ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ይምጣና በሩ አጠገብ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ሌሊት አይደለም። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ሰው በሞላበት የቢሮ ኮሪደር ውስጥ ነው የተጀመረው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። እዚህ ታሪክ ውስጥ የማንንም ስም አልጠራም። የሞተውንም፣ ያለውንም።

ለምን እንደሆነ ቀስ እያላችሁ ትደርሱበታላችሁ...

አባቴ ጀልባ ሠሪ ነበር።

ውሃው ዳር ከቆርቆሮ የተሠራች መጠለያ ነበረችን። እሱ እንጨቱን ይልጋል፣ ይመታል። እኔ የጣውላውን ክፍተት በጨርቅና በሬንጅ እደፍናለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ኑሯችን ይኸው ነው። ሬንጅ እጄ ላይ ከመክረሙ የተነሳ ሽቶ ብቀባ እንኳ መጀመሪያ የሚሸተው እሱ ነው።

የአባቴ ቤተሰብ ጆሮ በዘር ቶሎ ይደክማል፤ አባቴ ደግሞ ዕድሜ ልኩን መዶሻ ሲመታ ስለኖረ ጭራሽ ደክሞ ነበር። ቀስ ብለው ካናገሩት አይሰማም። ለዚህ ነው እሱም ሰው ሲጠራ የሚጮኸው። የሰው ስም ሲጠራ ደግሞ መጨረሻውን ይጎትተዋል... ሰውዬው ከውሃው ማዶ የቆመ ይመስል።

አጠገቡ ተቀምጬ እንኳ ሲጠራኝ ሰፈር ይሰማል።

«አባዬ፣ እዚሁ ነኝ እኮ!»

«አቤት በያ ታዲያ!»

አቤት ካላልኩት አይተወኝም። እሱ ዘንድ፣ ተጠርቶ አቤት ያላለ ሰው የለም ማለት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት መጠለያችን በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውሃው ዳር ትልቅ ሕንፃ ሊሠራ ነው። ሰው አይኖርበትም። ኮምፒውተሮች ብቻ ናቸው የሚቀመጡበት። ኮምፒውተሮቹ ስለሚግሉ ማቀዝቀዣ ውሃ ያስፈልጋቸዋል አሉ።

«ማሽን ውሃ ጠማው ብለው እኛን ሊያስነሱን?» አለች እቴቴ።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እኛው ጋ ነው የምትኖረው። ምላሷ እሳት ነው፣ ሆዷ ግን ቅቤ ነው።

የግንባታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ተቃውሞ ያለው ሰው የሚሰማበት ቀን አለ፤ እኛም ተቃውሟችንን አስገባን። አሠራሩ ቀላል ነው። ኮሪደር ላይ ትቀመጣለህ። ጠሪው ከበሩ ብቅ ብሎ ስምህን ከነአባትህ ሦስት ጊዜ ይጠራል። አንተ ራስህ ወይ የሥጋ ዘመድህ «አቤት» ካላችሁ ትገባለህ። ሦስቱም ጥሪ መልስ ካጣ «ተጠርቶ አልቀረበም» ይባልና አቤቱታህ ይዘጋል።

በቃ። ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማሃል?

ጠሪውን ሁሉም ሰው «መለከት» ነው የሚለው። ድምፁ ነዋ! ኮሪደር ላይ ቆሞ የጠራውን ስም መንገድ ማዶ ያለው ባለሱቅ ይሰማዋል። አንዴማ ስሙ የገጠመ መንገደኛ ከመንገድ «አቤት!» ብሎ ደረጃውን ሮጦ ወጣ እየተባለ ይቀለዳል።

«የሚጠራው እሱ ከሆነ እኔም እሰማለሁ» አለ አባቴ።

ደስ ብሎት ነው ያለው። ይሄን ብሎ ነው ከቤት የወጣው።

የዚያን ቀን አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ የሠርጉን ኮት ለብሶ መጣ። ኮቱ ትከሻው ላይ ጠቦታል። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሚናገረውን እያጠና ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ላግዘው ብዬ ጠጋ ስል በክርኑ ጎሰም አደረገኝ።

«አንቺ እንዳትመልሺ። አቤት የምለው እኔ ራሴ ነኝ።»

ከእኛ በፊት የነበሩት ተጠሩ። መለከት በጠራ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። አባቴ እየሳቀ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሰማሁ እኮ ማለቱ ነው።

ከዚያ ባለ ኢርፎኑ መጣ።

ባለ ኢርፎኑ የኩባንያው ጉዳይ አስፈፃሚ ነው። ፈቃዱን የሚያሯሩጠው እሱ ነው፤ በራችን ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሥርም ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል። ነጭ ኢርፎን ከጆሮው አይወጣም፤ ሁልጊዜ ስልክ ላይ ነው። ሰላም ብትለው ለአንተ ይሁን ለስልኩ እንደመለሰ አታውቅም። እየፈገገ አልፎን ሄደና መለከትን ትከሻውን ያዝ አድርጎ በጆሮው አንድ ነገር አለው።

ሁለቱም ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ገርበብ አለ። መለከት ነው። ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው። ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ...

ለራሱ የሚያወራ ነበር የመሰለኝ።

እንደገና አንቀሳቀሰ።

እንደገና...

ድምፅ የለም። በሩ ሥር የቆመው ሰውዬ እንኳ ቀና አላለም። ከዚያ መለከት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ያንን ድምፁን ለቀቀው።

«ተጠርቶ አልቀረበም! ቀጣይ!»

ክው አልኩ።

«አቤት! አቤት! እዚህ ነን እኮ!»

«እህት፣ ሦስቴ ጠራሁ።»

«መቼ? ማን ሰማህ?»

«የኔ ሥራ መጥራት ነው። መስማት የእናንተ ነው።»

አባቴ እጅጌዬን ይጎትተኛል።

«ምን አለ? ጠሩኝ እንዴ?»

ምን ልበለው? ኮቱን አየሁት... የተላጨውን አገጩን አየሁት...

«ገና ናቸው አባዬ።»

«እንግዲያው እንጠብቃለና።»

ተቀመጠ። ሰው ሁሉ እየገባ እየወጣ አለቀ። ፅዳቷ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች። እግሩን አነሳላት፣ ጠረገች፣ መልሶ አወረደ። ቢሮው እስኪዘጋ ድረስ ጆሮውን ወደ በሩ አቅንቶ ተቀምጦ ነበር። እኔ አጠገቡ ሆኜ ጥርሴን ነክሻለሁ።

ፈቃዱ ወጣ።

ዶዘር ሲመጣ መጠለያው ውስጥ አንዲት ያላለቀች ጀልባ ነበረችን። ግማሽ ጎኗ ገና ሬንጅ አልነካውም። እኔ ዕቃ ዕቃውን ወደ መንገዱ ላይ አወጣለሁ። አባቴ ግን ጀልባዋን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። እስከ ማዶው ትደርሳለች ብሎ ብቻውን ገፋት መሰለኝ...

ስመለስ የአጥሩ በር ተቆልፏል።

«የግንባታ ቦታ ነው፣ አይገባም» አለኝ ዘበኛው።

በሽቦው ቀዳዳ አየሁት። ጀልባዋ ውሃ መሐል ናት። እየሰጠመች ነው። አባቴ ውስጧ ቆሟል፣ እግሩ በገመድ ተይዟል፣ ውሃው ጉልበቱን አልፏል። ዳር ላይ የኩባንያው ሞተር ጀልባ ታስሮ ተቀምጧል። ባለ ኢርፎኑ አጠገቡ ቆሞ ያወራል።

አባቴ ጠራው።

በስሙ ጠራው። መጨረሻውን እየጎተተ... ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ዘበኛው ሰማ። የዶዘሩ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ሰማ።

ባለ ኢርፎኑ ዞረ። አየው። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው?

አንድ ጣቱን አነሳ።

አንድ ደቂቃ... ስልክ ላይ ነኝ።

ጀርባውን ሰጠው።

አባቴ ሁለተኛ ጠራ። እኔ ሽቦውን ይዤ እጮኻለሁ፣ እጄ ይደማል። ዘበኛው ኪስ ኪሱን እየዳበሰ ቁልፉን ይፈልጋል። አባቴ ሦስተኛ ጠራ...

ሦስተኛው መሐል ላይ ተቆረጠ።

ጀልባዋን አወጧት። አባቴን ጠላቂ ዋናተኞች ፈለጉ፣ ዓሣ አጥማጆች ፈለጉ። የለም። የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። የሚቀበር ነገር እንኳ አልሰጡኝም።

«አልሰማሁትም» አለ ባለ ኢርፎኑ ለፖሊስ። «ስልክ ላይ ነበርኩ።»

ሰው ሲያለቅስ ይወጣለታል ይላሉ። እኔ እንባ አልመጣልኝም። ደሜ ነው የሚፈላው። ለቅሶ የመጣው ሰው «ቻይው» ባለኝ ቁጥር ልነክሰው ይቃጣኛል። ሰው ሁሉ ሲበተን ብቻዬን ውሃው ዳር ወረድኩ። ፀሐይ ናት፣ ውሃው ያብረቀርቃል።

«አባዬ» አልኩት። «እኔ አልቻልኳቸውም። አንተ ጥራቸው።»

ከልቤ ነው ያልኩት። ዛሬም ቢሆን ያልኩትን አልመልስም።

ሕንፃው እያደገ ሄደ። ከዚያ ኩባንያው ሁለተኛ ፈቃድ ጠየቀ። ቧንቧውን ውሃው መሐል ድረስ ሊዘረጋ ነው። አባቴ የቀረበት ቦታ ላይ ማለት ነው።

ተቃውሞ አስገባሁ። ቀኑ ደረሰ፣ ያው አግዳሚ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። መለከት ይጠራል፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ኮሪደሩ ጢም ብሏል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች።

መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው።

እርጥብ ነው። ፅዳቷ ግን ገና አልመጣችም።

ቀጥሎ ሽታው... ሬንጅ። እጄን አሸተትኩ። መጠለያው ከፈረሰ ወዲህ ሬንጅ ነክቼ አላውቅም።

ጫማዬ ላይ የሆነ ነገር ተለጠፈ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። መላጊያ ሲገፋ ጥቅልል ብሎ የሚወጣው ዓይነት። ውሃ ያንጠባጥባል።

ቀና ብዬ ኮሪደሩን አየሁ...

ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ግድግዳ ብቻ ካለበት በኩል፣ አንድ ሰው ጠራ።

በሹክሹክታ ነው። ግን መጨረሻውን ይጎትተዋል።

የጠራው የማላውቀውን ስም ነው፣ ከነአባቱ። ከጎኔ የተቀመጠችው ነፍሰ ጡር ቀና ብላ፣ በሩ ላይ የቆመውን ጠሪ የደረቱን ባጅ አነበበች።

«ጋሼ፣ እርስዎን መሰለኝ የሚጠራዎት።»

መለከትን ነው ያለችው። ሰው ሁሉ መለከት ስለሚለው እውነተኛ ስሙን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«እኔን? ማን?»

«እዚያ... ከግድግዳው ጋ።»

«ማንም አልጠራኝም።»

ሁለተኛ ተጠራ። አሁን ቀረብ ብሏል። ሰው ሁሉ ሰማ።

«ኧረ ሰውዬ አቤት በል! ስንቴ ይጥራህ?» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

መለከትም ሳቀ። «ጥሪ እኔን ልታስተምሩኝ ነው? እንጀራዬ እኮ ነው!»

እኔ አልሳቅሁም። አፌን በእጄ ይዣለሁ። ያንን ድምፅ ሌላ ሰው ሊሳሳተው ይችላል። እኔ አልሳሳተውም።

ሦስተኛው ፊቴን ነክቶ ነው ያለፈው። ቀዝቃዛ ትንፋሽ... የውሃ ውስጥ ቅዝቃዜ አለው።

መለከት ወደ ሥራው ተመለሰ። ደረቱን ነፋ። የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ሊጠራ አፉን ከፈተ...

ድምፅ አልወጣም።

ውሃ ወጣ።

መጀመሪያ በትንሹ፣ በከንፈሩ ጥግ። ከዚያ ሸሚዙ ላይ። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ከአረንጓዴ የውሃ ሣር ጋር። ሁለት እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ዙሪያውን ያየናል። ሰውን ሁሉ በዓይኑ ይጠራል። ነፍሰ ጡሯ ጮኸች። ሰው ሲሯሯጥ፣ ሲረጋገጥ፣ መለከት ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

ሐኪሙ «ሰምጦ ነው የሞተው» አለ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ፀሐይ መሐል።

እውነቱን ልንገራችሁ? አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ቤት ገብቼ ለእቴቴ ነገርኳት። ሹራብ እየሠራች ነበር፣ መርፌዋ ቆመ።

«የወንድሜ ድምፅ ነው?»

«የአባዬ ነው።»

አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንዱ ይበቃዋል። ሂጂና በቃህ በይው።»

«አልልም።»

«አንቺ ልጅ! እኔ ፈርቻለሁ።»

«ገና አንድ ይቀረዋል፣ እቴቴ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ። አባቴ ከቀረ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወሬው ይመጣ ጀመር። ሕንፃው ላይ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው የሚያወሩት። ባለ ኢርፎኑ ዳር ላይ ቆሞ ሳለ ከውሃው ሥር ሰው ጠራው አሉ። ዘበኛው ሰማ፣ እሱ አልሰማም። ዘበኛው ደመወዙን እንኳ ሳይቀበል ሥራውን ጥሎ ሄደ።

ቀጥሎ ስብሰባ ላይ ተጠራ አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እሱ ብቻ «ምን ሆናችሁ?» ይላል። ከዚያ ወዲያ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። ሊፍት ሲገባ ሰው ይወርዳል።

እና አንድ ቀን፣ ምሳ ከበላን በኋላ፣ በራችን ተንኳኳ።

ባለ ኢርፎኑ ነው።

ያለ ኢርፎን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጆሮው ራቁቱን የቀረ ይመስላል። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። እቴቴ ትንሿ የእንጨት ዱካዋ ላይ እንደተቀመጠች በሩ አጠገብ ሹራቧን ትሠራለች። ሬዲዮው ዝቅ ብሎ ያወራል። ወንበር ሰጠሁት። አዎ፣ ወንበር ሰጠሁት።

«እህቴ... ሁለቴ ጠርቶኛል ይላሉ።»

«ማን?»

«ታውቂያለሽ።»

«ሰማኸው?»

«እኔ ምንም አልሰማም! ጉዱ እሱ ነው! ለሁሉም ይሰማል፣ ለኔ ብቻ...»

«ኢርፎንህን አውጥተህ ነበር?»

«አትቀልጂብኝ፣ በናትሽ።»

ድምፁ ተሰበረ። እቴቴ ቀና ብላ አየችው። የምታዝንለት መሰለኝ፣ ተናደድኩባት።

«ሦስተኛውን ሲጠራኝ ንገሪኝ ብቻ» አለኝ። «ሌላ ምንም አልልሽም። እጄን ንኪኝ። አቤት እላለሁ፣ ያበቃል። ራሱ ወይ ዘመዱ ከመለሰ ይበቃል፣ ሕጉ እንደሱ አይደል?»

«ሕጉን ታውቀዋለህ ለካ።»

ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«ዘመድ የለህም?»

«ወንድም አለኝ። ስልኬን አያነሳም።»

ሳቄ መጣ። ዋጥኩት።

«ቧንቧውን አስቆማለሁ» አለ። «ፈቃዱን አስነሳዋለሁ። መጠለያችሁን መልሼ አስተክላለሁ። የፈለግሽውን። የፈለግሽውን ነው ያልኩሽ!»

የምፈልገው አንድ ሰው ነው። እሱን ደግሞ ሊሰጠኝ አይችልም። አባቴ ለፅዳቷ እግሩን ሲያነሳ ታየኝ። ጆሮውን ወደ በሩ አቅንቶ...

«እሺ» አልኩት። «ተቀመጥ። እነግርሃለሁ።»

ተቀመጥን።

ሬዲዮው ያወራል። ውጭ አንድ ሰው ምስማር ይመታል። ባለ ኢርፎኑ ዓይኑን ከፊቴ ላይ አልነቀለም። የኔ ፊት ጆሮው ሆኗል።

የሬንጅ ሽታ መጣ።

የእቴቴ መርፌ ቆመ። አንዲት ፍቅፋቂ፣ እርጥብ ናት፣ በነፋስ እንደተገፋች ደፉን አልፋ ገባች። ነፋስ አልነበረም። ከወንበሩ ሥር ተንከባላ ቆመች።

ከዚያ ጠራው።

ከተቀመጠበት ወንበር ሥር ነው። በስሙ፣ ከነአባቱ። በሹክሹክታ... መጨረሻውን ጎትቶ... ያን ቀን መሐል ላይ የተቆረጠውን ጥሪ ዛሬ እስከ መጨረሻው ጨረሰው።

እቴቴ አፏን ከፈተች። አየኋት። ዘጋችው።

«ልጄ...» አለች ብቻ።

ባለ ኢርፎኑ እኔን ያያል፣ እሷን ያያል፣ እኔን ያያል።

«ምንድን ነው? ጠራ እንዴ? ጠራኝ?»

አንድ ጣቴን አነሳሁ።

«አንድ ደቂቃ።»

ጠበቀኝ። እንደ ተማሪ ጉልበቱን ገጥሞ ጠበቀኝ። ጣቴን ሲያይ ትዝ ያለው አልመሰለኝም። እሱ ነው ያበገነኝ። ያደረገውን እንኳ ረስቶታል!

«አልጠራህም» አልኩት።

ትከሻው ወረደ። ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ።

«ተመስገን... እባክሽ ትንሽ ውሃ ስጪኝ።»

ተነስቼ ልቀዳለት ሄድኩ። ጓዳዋ ሁለት እርምጃ ብትሆን ነው። ብርጭቆውን ሞልቼ ተመለስኩ።

ወንበሩ ባዶ ነው።

እቴቴ በሩ ላይ ናት፣ ከዱካዋ አልተነሳችም። በእሷ በኩል ያለፈ ሰው የለም። ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋለች። ወንበሩ ላይ ውሃ አቁሯል። ከጫፉ ጠብ... ጠብ... ይላል። ውሃው መሐል ነጭ ኢርፎን አለ።

አንስቼ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

መዶሻ ነው የሚሰማው። እንጨት ላይ... ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ... ሥራ ላይ ያለ ሰው፣ ያልቸኮለ ሰው።

ፖሊስ መጣ፣ ጠየቀ፣ ሄደ። ባለ ኢርፎኑ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ሕንፃው ግማሹ መስታወት፣ ግማሹ ብረት ሆኖ ቆሟል፤ ሠራተኛ አይገባም። ፈቃድ ቢሮው እስካሁን ጠሪ አላገኘም። ማስታወቂያ ለጥፈዋል፣ የሚወዳደር የለም።

ደስ አለኝ ወይ? አለኝ እንጂ! ለብዙ ጊዜ ደስ አለኝ። ውሃው ዳር ወርጄ «አባዬ፣ እጅህ ይባረክ» ብዬዋለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ልብስ አጥባለሁ። ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። እቴቴ በሩ ላይ ሆና በድንገት...

«አቤት!» አለች።

«ማንን ነው አቤት የምትይው?»

«አንቺን ነው እኮ የሚጠሩሽ! ስንቴ ይጥሩሽ? አፍሽ ተለጎመ እንዴ?»

እጄ ሳሙናው ውስጥ ቀረ።

እኔ ምንም አልሰማሁም።

«አባዬ ነው?» አልኳት።

«የወንድሜን ድምፅ አጣዋለሁ?» ፊቷ አመድ መስሏል። «እሱ አይደለም። ይሄኛው... ስልክ ላይ ሆኖ እንደሚጠራ ሰው ነው። ቸኩሎ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ፣ ስምንት ሰዓት ሲቃረብ፣ እቴቴ ዱካዋን በሩ ላይ ታደርጋለች። ለቅሶ አትሄድ፣ ገበያ አትሄድ። ስለ እኔ አቤት ትላለች። የሥጋ ዘመዴ ናት፣ ይቆጠርላታል። ያን ቀን ስለዋሸሁት ነገር አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ዝም ብላ ትመልስልኛለች።

ግን እቴቴ የአባቴ እህት ናት...

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ማድረግ ጀምራለች። ትናንት አንድ ነገር ጠይቄያት «ምን አልሽ?» አለችኝ። ደገምኩላት። «ምን አልሽ?»

ስለዚህ እባካችሁ... የምታውቁኝ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ስሜን እንዳትጽፉ። መንገድ ላይ ካያችሁኝም ከኋላዬ እንዳትጠሩኝ። ወደ ፊቴ ዞራችሁ ኑና ትከሻዬን ንኩኝ።

ይሄን የምጽፈው ቤት ሆኜ ነው። ፀሐይ ናት። ስምንት ሰዓት አልፏል። ሬዲዮውን ዘግቼዋለሁ።

ደጃፉ ላይ ውሃ አለ። ማንም አልደፋም።

እቴቴ ዱካዋ ላይ ናት፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራለች። እስካሁን አቤት አላለችም።

«እቴቴ...»

ዝም።

«እቴቴ! ጠሩኝ እንዴ?»

ፊቷን ሳታዞር አንድ ጣቷን አነሳች።